ባዶ የቆሙት ማሞቂያዎች

ስሙኝማ፣ አንድ የተማሪዎች ታሪክ ላውጋችሁ።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 2007 ነው፤ ኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው፤ አገሩ አሜሪካ፣ ግዛቱ ካሊፎርኒያ፣ ቤቱ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ። በዚያ ግቢ ተማሪው በአጭሩ «ዲ ስኩል» የሚለው የንድፍ ትምህርት ቤት አለ። እዚያ ከሚሰጡት ኮርሶች አንዱ የንግድ ተማሪውን፣ የኮምፒዩተር ተማሪውንና የምህንድስና ተማሪውን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጥና፣ ገቢው እጅግ አነስተኛ ለሆነ ሰው የሚጠቅም ዕቃ ንደፉ ይላቸዋል። ጥሩ ጽሑፍ ማቅረብ ብቻውን አያሳልፍም፤ በእጅ የሚጨበጥ ነገር ሠርቶ ማሳየት ያስፈልጋል።

በዚያ ዓመት ለአንድ ቡድን የደረሰው ሥራ ይህ ነበር፦ ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ማሞቂያ፣ ማለትም ኢንኩቤተር፣ ንደፉ፤ ዋጋው ግን ከተለመደው ኢንኩቤተር ዋጋ ከመቶ አንድ እጅ አይብለጥ። የተለመደው ያን ጊዜ እስከ 20,000 ዶላር ያወጣ ነበር። እንግዲህ አስሉት፤ በእጃቸው ያለው 200 ዶላር ነው ማለት ነው። ከቡድኑ አባላት መካከል ጄን ቼን፣ ሊነስ ሊያንግ፣ ናጋናንድ ሙርቲና ራሁል ፓኒከር በኋላ ስማቸው ታውቋል፤ ያን ጊዜ ግን የትምህርት ማብቂያ ቀን የሚያሳስባቸው ተማሪዎች ነበሩ።

ማሞቂያ ለምን ያስፈልጋል? ክብደቱ ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ የሚወለድ ሕፃን ቆዳው ስስ ነው፤ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ጥቂት ነው፤ ከክብደቱ ጋር ሲተያይ ለአየር የተጋለጠው ገላው ሰፊ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጠዋል። ትልቅ ሰው ሲበርደው ይንቀጠቀጣል፣ ጋቢ ይደርባል፣ እሳት ዳር ይጠጋል። ይህ ሕፃን አንዱንም አይችልም። ለማደግ የሚያስፈልገውን ጉልበት ራሱን ለማሞቅ ሲጨርሰው ይደክማል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ ይብስበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የአራስ ሕፃን ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ይመክራል። በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ነው።

ቡድኑ በመጀመሪያ ያሰበው ማንኛውም ብልህ ተማሪ የሚያስበውን ነው። ኢንኩቤተሩን እንፍታው፤ የማያስፈልገውን ክፍል እናውጣ፤ ውዱን ዕቃ በርካሽ እንተካ፤ ዋጋው ይወርዳል። ሐሳቡ ስሕተት የለበትም። በሥራው ወረቀት ላይ የተጻፈውም ይኸው ነው። ቤተ ሙከራ ገብተው ያንኑ ቢሠሩ ኖሮ ጥሩ ውጤት አግኝተው ይመረቁ ነበር፤ እኔም ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ አይኖረኝም ነበር።

ግን ከመካከላቸው ሊነስ ሊያንግ ወደ ኔፓል ሄደ።

ካትማንዱ ደረሰ፤ ሆስፒታል ገባ፤ የአራስ ሕፃናትን ክፍል ጎበኘ። የኢንኩቤተሮች እጥረት እንዳለ ሰምቶ ነበርና እጥረቱን ሊያይ ነው የሄደው። ያየው ግን ባዶ የቆሙ ኢንኩቤተሮችን ነው። መሣሪያው አለ፤ በውስጡ ሕፃን የለም። ግራ ቢገባው ሐኪሙን ጠየቀ። ሐኪሙም አስረዳው፦ ማሞቂያ የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት አብዛኞቹ የሚወለዱት ከዚህ ርቆ ባለ ገጠር ነው፤ እዚህ ሳይደርሱ ይሞታሉ።

ልብ በሉ! አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፤ የሥራው ወረቀት ተገለበጠ። ኢንኩቤተሩ 20,000 ዶላር ቢሆን 200 ዶላርም ቢሆን፣ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ እስከተቀመጠ ድረስ ገጠር ለተወለደው ሕፃን ልዩነት የለውም። በልግስና የሚላክ መሣሪያም ቢሆን ብዙ ጊዜ ዕጣው ያው ነው። በ2011 የታተመ የሁለት ተመራማሪዎች ጥናት በ16 አገሮች የሚገኙ ሆስፒታሎችን የዕቃ ዝርዝር ተመልክቶ፣ ከሕክምና መሣሪያዎቹ 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት አገልግሎት የማይሰጡ ሆነው አግኝቷቸዋል። ኤሌክትሪኩ ይቆራረጣል፤ መለዋወጫ የለም፤ የሚጠግን ባለሙያ አይገኝም።

ሊነስ ይህን ይዞ ተመለሰ፤ ቡድኑም ተከራከረ። አንዱ መንገድ ቀላል ነው፦ ለሆስፒታሉ ርካሽ ኢንኩቤተር መሥራት። መምህራኑ የጠየቁት ያንን ነው፣ ማለቂያውም ይታወቃል። ሁለተኛው መንገድ አስፈሪ ነው፦ መብራት፣ ሐኪምና ጥርጊያ መንገድ በሌለበት ቦታ ለምትወልድ እናት የሚሆን ነገር መሥራት። ሁለተኛውን መረጡ። ጥያቄያቸውንም እንደገና ጻፉት። «ርካሽ ኢንኩቤተር እንዴት እንሥራ?» የሚለው ቀርቶ፣ «ሩቅ ገጠር ያሉ ወላጆች በሞት አፋፍ ያለ ልጃቸውን በሕይወት እንዲያቆዩ የሚረዳ ማሞቂያ እንዴት እንሥራ?» የሚል ሆነ። በሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ ወላጆች ገቡ፤ ሆስፒታሉ ወጣ። ከዚህ በኋላ የሚፈልቀው ሐሳብ ሁሉ ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁመውና ወደ ኋላ ልመለስ፤ ሐሳብ እንዴት እንደሚፈልቅ ራሱን የቻለ ታሪክ አለውና።

አሌክስ ኦዝቦርን የሚባል አሜሪካዊ የማስታወቂያ ባለሙያ ነበር፤ ቢቢዲኦ ከተባለው ታዋቂ የማስታወቂያ ድርጅት መሥራቾች አንዱ። ዛሬ በየክፍሉ «ብሬንስቶርሚንግ» የምንለውን አሠራር በመጻሕፍቱ ያስፋፋው እሱ ነው። ሕጎቹ አራት ናቸው፦ የሌላውን ሐሳብ አትንቀፍ፤ ያልተለመደውን ሐሳብ አትፍራ፤ ብዛት ይኑር፤ በሌላው ሐሳብ ላይ ጨምርበት። ኦዝቦርን ከዚህ አልፎ፣ ሰው በቡድን ሲሆን ብቻውን ከሚያፈልቀው እጥፍ ያፈልቃል ብሎ ነበር። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እየተባለ ላደገ ሰው ይህ ነገር እውነት እንደሚመስል አልጠራጠርም።

በ1958 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነገሩን ፈተኑት። አራት አራት ሰዎችን በአንድ ክፍል አስቀምጠው ሐሳብ እንዲያፈልቁ አደረጉ። ሌሎች አራት አራት ሰዎችን ደግሞ ለየብቻቸው አስቀምጠው፣ የጻፉትን ሰብስበው፣ የተደጋገመውን አንድ እያሉ ቆጠሩ። ለየብቻቸው የሠሩት በለጡ፤ ያውም ወደ እጥፍ በሚጠጋ ልዩነት። ምክንያቱ ምን ይሆን? በ1987 ጀርመን አገር ቱቢንገን የነበሩ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራን፣ ዲልና ስትሮበ፣ ዋናውን ሰበብ አገኙት፤ ተራ መጠበቅ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል፤ ዝም ባለበት የያዘው ሐሳብ ይጠፋበታል፣ ወይም በሰማው ይሸፈንበታል። ክፍሉ በድምፅ ይሞላል እንጂ በሐሳብ አይሞላም።

መፍትሔው ግን ከዚያ 19 ዓመት ቀድሞ እዚያው ጀርመን ተወልዶ ነበር። በርንድ ሮርባህ በ1968 ያወጣው ዘዴ እንዲህ ነው፦ ስድስት ሰው ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ በወረቀቱ ላይ በአምስት ደቂቃ ሦስት ሐሳብ ይጽፋል፤ ከዚያ ወረቀቱን ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ ጎረቤቱ የተጻፈውን አንብቦ ሌላ ሦስት ይጨምርበታል። ወረቀቱ ስድስቱንም ሲያዳርስ ግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ ጠረጴዛው ላይ 108 ሐሳብ ይከመራል። የአንደበተ ርቱዑና የዝምተኛዋ ተማሪ ሐሳብ እኩል ቦታ ይይዛል። መነቃቃቱ አልቀረም፣ የሌላውን ታነባለህና፤ ተራ መጠበቁ ግን ቀርቷል።

ይህን ካወቃችሁ ወደ ታሪካችን እንመለስ። አሁን ጥያቄው ተለውጧል፣ ሐሳብም ይፈልቃል። ግን ከብዙ ሐሳብ አንዱን መምረጥ ማፍለቁን የሚያስንቅ ሥራ ነው። ስንት ቡድን ነው እዚህ ላይ የሚሰናከለው! እጅ አውጡ ይባላል፤ ድምፁ ጎላ ያለው ያሸንፋል፤ ወይም ውጤቷ ከፍ ያለው ተማሪ የተናገረችው ይጸድቃል፤ ወይም ሁሉም ደክሞታልና የመጨረሻው ሐሳብ ይያዛል።

ስቱዋርት ፒዩ የሚባል ብሪታንያዊ መሐንዲስ ነበር፤ ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ውስጥ በስትራዝክላይድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ፕሮፌሰር። ለዚህ ችግር ያበጀው ሰንጠረዥ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ሐሳቦቹን በላይ በኩል ትደረድራላችሁ፤ መመዘኛዎቹን በጎን ትጽፋላችሁ። ከዚያ አንዱን መነሻ አድርጋችሁ ሌሎቹን በእያንዳንዱ መመዘኛ ከሱ ጋር ታነጻጽራላችሁ፤ ከመነሻው ከተሻለ መደመር፣ ካነሰ መቀነስ፣ ከተካከለ «እኩል»። ፒዩ አጥብቆ የሚናገረው ግን ድምሩን አይደለም። ሰንጠረዡ ካለቀ በኋላ ተቀመጡና መቀነሶቹን ተመልከቱ ይላል፤ ይህን መቀነስ ከሌላው ሐሳብ በሚወሰድ ነገር ማረም ይቻል ይሆን? ሁለት ደካማ ሐሳቦች ተጋብተው አንድ ጠንካራ ይወልዱ ይሆን? ሰንጠረዡ የቡድኑ መነጋገሪያ ነው።

ኑ፣ እኛም ለገጠሯ እናት አንድ ሰንጠረዥ እንሥራ። የስታንፎርዱ ቡድን የሠራው ነው አልልም፤ የእኔና የእናንተ ነው። አራት ሐሳብ እናቅርብ። አንደኛ፣ ዋጋው የተቀነሰ ባለመስታወት ኢንኩቤተር። ሁለተኛ፣ በኤሌክትሪክ አምፖል የሚሞቅ ሣጥን። ሦስተኛ፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ ኮዳ። አራተኛ፣ እንደ ሰም በሚቀልጥና በሚረጋ ነገር የሚሞቅ ትንሽ የመኝታ ከረጢት።

መነሻችንስ ምን ይሁን? እዚህ ላይ አደራ! መነሻው እናቲቱ ዛሬ በእጇ ያለው ነገር መሆን አለበት። እናት ደግሞ ባዶ እጇን አይደለችም፤ ደረቷ አለ። በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ከተማ፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ኢንኩቤተር ቢያጥረው ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ አስታቀፈ፤ የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ከዚያ መጣ። አዲስ አበባ ላይ ተጠንቶ በ2005 የታተመ የሐኪሞቻችን ጥናትም፣ ገና ከተወለዱ ጀምሮ በእናታቸው ደረት የታቀፉ ዝቅተኛ ክብደት ያላቸው ሕፃናት በተለመደው መንገድ ከተያዙት ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ከደረቷ የማይሻል፣ ደረቷንም የማያግዝ ሐሳብ ሁሉ ከወዲሁ ወድቋል።

መመዘኛዎቹን ከኑሮዋ እንውሰድ። ያለ መብራት ይሠራል? ሕፃኑን እያቀፈች መጓዝ ትችላለች? ሊያቃጥለው ይችላል? ይታጠባል? ማንበብ ያልተማረ ሰው ይገለገልበታል? እናቲቱ ስትታመም፣ ሥራ ስትይዝ፣ ደረቷ ሲያርፍ ይተካታል?

ባለመስታወቱ ኢንኩቤተር በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል፤ በሁለተኛውም ይወድቃል። ከተማ ሆስፒታል ቢሆን ግን ነርሷ ሕፃኑን በመስታወት እያየች ሙቀቱን በትክክል ትቆጣጠራለችና አንደኛ ይወጣ ነበር። ያው ሐሳብ፣ ያው ዋጋ፤ ዳኛው ሲቀየር ከአንደኛ ወደ መጨረሻ ይወርዳል። የአምፖሉ ሣጥን መብራት ይፈልጋል። የሙቅ ውሃው ኮዳ መብራት አይፈልግም፤ ግን ሲሞሉት ያቃጥላል፣ ጥቂት ቆይቶ ይቀዘቅዛል፤ መካከለኛውን ሙቀት የሚያገኝበት ጊዜ አጭር ነው። ፒዩ እንዳለው መቀነሱን እንመርምር፤ ኮዳው የጎደለው ሙቀቱን አንድ ቦታ ላይ የሚያጸና ነገር ነው። የኮዳው ሐሳብ መልካም ነው፣ ውሃው ነው ያልሆነው።

የከረጢቱ ምሥጢርም ይኸው ነው። በረዶ የገባበት ውሃ በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ ዜሮ ዲግሪ ገደማ እንደሚቆይ በትምህርት ቤት ተምረናል። የስታንፎርዱ ቡድን የሠራውም ይህንኑ ከረጢት ነው፤ የመረጠው ሰም መሰል ነገር የሚቀልጠውና የሚረጋው በሰው ገላ ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ ነው። አስቀድሞ በሙቀት ይቀልጣል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ሲረጋ የያዘውን ሙቀት ይለቃል፤ ረግቶ እስኪያልቅም ከዚያችው ነጥብ ብዙ አይወጣም፣ ብዙ አይወርድም። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይዘልቃል። ሲያልቅ እንደገና ይቀልጣል። ከረጢቱ ውሃ አያስገባም፣ በውስጡ ስፌት የለውምና ለማጽዳት ይቀላል። እናቲቱ ሕፃኑን ከነከረጢቱ ታቅፋ ትሄዳለች። ደረቷን ሳይሽር ያግዛታል።

ታሪኩ በዚህ ያልቃል ብላችሁ እንዳትነሡ! ተመርጦ የተሠራ ሐሳብ ገና ዳኛው ፊት አልቀረበም።

ተማሪዎቹ ተመርቀው ሥራውን ይዘው ወደ ሕንድ ሄዱ፤ ናሙናውንም ለገጠር እናቶች ማሳየት ጀመሩ። ሙቀቱን በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ነበረው። ራሁል ፓኒከር አንዲትን እናት ሲያነጋግር ያልጠበቀውን ሰማ። እሷ እንደምትለው በመንደራቸው የውጭ መድኃኒት ኃይለኛ ነው ተብሎ ይታመናል። ሐኪም አንድ ማንኪያ ስጪ ካላት ለጥንቃቄ ግማሽ ነው የምትሰጠው። ስለዚህ 37 ላይ አድርጊው ብትባል፣ ለልጇ ደኅንነት ስትል 30 ላይ ታደርገዋለች!

አስቡት። ሰሙ ትክክል ነው፤ ከረጢቱ ትክክል ነው፤ ስሌቱ ትክክል ነው። ግን የእናት ጥንቃቄ ከቁጥሩ ጋር ሲገናኝ ሕፃኑን በብርድ ሊገድለው ነው። ከእውቀት ማነስ የመጣ አይደለም፤ ከፍቅርና ከልምድ የመጣ ነው። ይህን የትኛውም የስታንፎርድ ቤተ ሙከራ ሊነግራቸው አይችልም ነበር። ቁጥሩን አወጡት፤ በምትኩ ሙቀቱ ለሕፃኑ ተስማሚ ነው ወይም አይደለም ብቻ የሚል ምልክት አደረጉበት። ግማሽ የሚደረግ ነገር ጠፋ።

ለክፍል የተጀመረው ሥራ «ኢምብሬስ» የሚል ስም ይዞ ድርጅት ሆነ፤ በ2011 ሕንድ ውስጥ ለአገልግሎት ቀረበ። መንገዱ ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ 25 ዶላር ይሆናል ተብሎ የታሰበው ዋጋ፣ የጥራትና የደኅንነት መለኪያውን ሁሉ አልፎ ሲወጣ 200 ዶላር ገደማ ደረሰ፤ መምህራኑ መጀመሪያ ባሰመሩት መስመር ላይ ማለት ነው። በተለያዩ አገሮች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ሞቀውበታል።

ይህን ሁሉ ያወጋኋችሁ ስታንፎርድን ላሞግስ ብዬ አይደለም። በየዩኒቨርሲቲያችን የመመረቂያ ፕሮጀክት ሰሞን ሲደርስ የሚሆነውን ስለማስብ ነው። አራት አምስት ሆነው ይመደባሉ፤ ርዕስ ፈልጉ ይባላሉ፤ ካለፈው ዓመት ተመራቂዎች ጥራዝ ያያሉ፤ ወይም መርካቶ የሚገኘውን ዕቃ ቆጥረው ከዚያ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያስባሉ። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። ሌሊቱን ሙሉ ሲበይዱና ኮድ ሲጽፉ የሚያድሩ ናቸው። የጎደለው ጉብኝቱ ነው። ካትማንዱ ድረስ መብረር አያስፈልግም፤ እህል የሚወቃው ገበሬ፣ በወረዳው ጤና ጣቢያ የምትሠራው አዋላጅ፣ እንጀራ የምትጋግረው እናት በአንድ አውቶቡስ ርቀት ላይ አሉ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ርዕሱ ሲሰጣችሁ ወደ ኮምፒዩተር ሳይሆን ወደ ሰው ሂዱ። የተባለው ችግር በእርግጥ ችግሩ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ፤ ባዶ የቆመ ማሞቂያ ካያችሁ ለምን ባዶ ሆነ ብላችሁ ጠይቁ። ስትመለሱ መጀመሪያ ለየብቻችሁ ጻፉ፣ በኋላ ተሰብሰቡ፤ ዝምተኛው ጓደኛችሁ የጻፈውንም አንብቡለት። ስትመርጡ በእጅ ብልጫ አትምረጡ። መመዘኛችሁን ከሰውየው ኑሮ አውጡ፤ ዛሬ በእጁ ካለው ነገር ጋር አነጻጽሩ። ሠርታችሁም ለመምህራችሁ ከማሳየታችሁ በፊት ለሱ አሳዩት፤ ጨርቅና ካርቶን እንኳ ቢሆን። አስተያየቱ ያማችሁ ይሆናል፤ ግን ማረሚያው ከፋብሪካ በኋላ ከሚመጣ በረቂቅ ላይ እያለ ቢመጣ ይሻላል።

መምህራንም ስሙኝ። የመጨረሻውን መሣሪያ ብቻ አትመዝኑ፤ ቡድኑ ማንን እንዳነጋገረ፣ ምን ሐሳብ እንደጣለ፣ ለምን እንደጣለው ጠይቁ፤ ለዚያም ማርክ ስጡ። የሥራውን ወረቀት ተማሪው ሊያሻሽለው እንዲችል በሩን ክፈቱለት። ያን ጊዜ ስታንፎርድ ላይ የተሰጠው ወረቀት ኢንኩቤተር ይላል፤ ቡድኑ ይዞት የተመለሰው ኢንኩቤተር አልነበረም። መምህራኑ ይህን አልጠየቅናችሁም ብለው ቢመልሷቸው ኖሮ፣ ዓለም አንድ ተጨማሪ ርካሽ ኢንኩቤተር ታገኝ ነበር፤ እሱም ከተማ ሆስፒታል ገብቶ እንደሌሎቹ ባዶውን ይቆም ነበር።